ለጥጃ፣ ለግልገልና ለጫጩት አንጀት ምን ይሻላል? ፓኬት፣ እርጎ፣ መርፌ ወይስ እንገር (ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ አርቢዎች)

ላም የወለደችላችሁም ሆነ የአንድ ቀን ጫጩት ያስመጣችሁ ሰዎች ጥያቄያችሁ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ «ለአንጀቱ የሚሆን ፕሮባዮቲክ (ህያው ጥሩ ባክቴሪያ ወይ እርሾ ያለበት ፓኬት) ልግዛ፣ እርጎ ልስጠው፣ ወይስ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ) አስወግቼ ልገላገል?» ባጭሩ መልስ ካላችሁኝ ከሶስቱም በፊት የሚመጡ ምርጫዎች አሉ፣ እነሱ ከተበላሹ ፓኬቱ ብርቅ ነገር አያመጣላችሁም፣ እነሱ ከተስተካከሉ ደግሞ ፓኬቱ ላያስፈልጋችሁም ይችላል። ስለዚ የማወዳድረው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሬ በእድሜ ነው። አብዛኛው ስለ ጥጃ ነው፣ ብዙ ብር የሚቀልጠው እዛ ላይ ስለሆነ፣ ግልገል ላይ ቶሎ አልፋለሁ፣ ጫጩት መጨረሻ ላይ አለ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ጥጃ ሲወለድ አንጀቱ ከባክቴሪያ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ባክቴሪያው የሚገባው በምጥ ሰዓት ከእናትየው፣ ከዛ ከጡቷ ከምላሷ፣ ከተኛበት ጉዝጓዝ፣ እናንተ ካጠጣችሁበት ባልዲ ነው። ነገሩ ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወጣ ሚኒባስ ነው፣ ቀድሞ የገባ ወንበር ይይዛል ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ይቀራል። እነ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም ቀድመው ከተቀመጡ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ ቦታ ይጠባቸዋል፣ በረቱ በእበት የጨቀየ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚገባው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እድገት ላይ ምን አገባው ካላችሁ፣ የቀዘነ ጥጃ ውሃና ጨው ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ የአንጀቱ ግድግዳ ይጎዳል፣ ከዛ በኋላ የጠጣው ወተት እንደ ጓደኞቹ ስጋ አይሆንለትም።

እንገር፦ ራሱ ይጥባ ወይስ አልባችሁ በጡጦ?

ላም፣ በግና ፍየል በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጃቸው አንቲቦዲ አያሳልፉም፣ በዚህ ከሰው ይለያሉ። ጥጃው ያለምንም መከላከያ ነው መሬት የሚወርደው፣ ያለው እድል እንገር ነው። የአንጀቱ ግድግዳ ያንን አንቲቦዲ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ ከ6 ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ በሩ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ በባልዲ ብትሰጡት ምግብ ነው እንጂ መከላከያ አይሆነውም (ምግብነቱም ቀላል አይደለም፣ ለአንጀቱ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች የሚቀልቡ ስኳር ነገሮች አሉት)። መጠኑ የክብደቱ 10 ከመቶ ያህል ነው፣ 22 ኪሎ ለሚሆን የሀበሻ ጥጃ 2 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ 35 ኪሎ ለሚሆን ዲቃላ 3 ሊትር ተኩል።

የሀበሻ ላም ከሆነች ጥጃው ቶሎ ቆሞ ይጠባል፣ ጡቷም ትንሽ ስለሆነ አይቸገርም፣ ስለዚ ጡቱን አጥባችሁ አጠገባቸው ቆማችሁ መጥባቱን ማየት ይበቃል። ዲቃላ ላይ ግን እኔ ጡጦ ነው የምመርጠው፣ ግቷ ወርዶ ጥጃው ከታች ሲፈልግ ሲንገዳገድ ሁለት ሶስት ሰዓት ያልፋል፣ ጠባ ብላችሁ ትተኛላችሁ፣ ግማሽ ሊትር ይሁን ሶስት ሊትር ማን ያውቃል። በጡጦ ስትሰጡ መጠኑን ታውቁታላችሁ። ጡጦው ካልታጠበ ግን ይሄ ሁሉ ገደል ገባ፣ ምክንያቱም ባክቴሪያ የሞላበት እንገር አንቲቦዲው በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

እንገር ሲበዛ ያስቀዝናል ብለው ትንሽ አስጠብተው የቀረውን ለቤት የሚያፈሉ ሰዎች አሉ። ኧረ እባካችሁ፣ መጀመሪያ እሱ ይጥገብ ከዛ ቤተሰብ ይበላል። የተፈላውን መልሳችሁ ለጥጃው መስጠት ደግሞ ዋጋ የለውም፣ እሳት ላይ ሲረጋ ያያችሁት ነገር ራሱ ያ አንቲቦዲ ነው። ከተረፈ በንፁህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ እናቱ ለሞተችበት ወይ ጡቷ ለደረቀበት ጥጃ ይሆናል፣ ስታቀልጡት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እንጂ ምድጃ ላይ አይሁን። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 60 ዲግሪ ላይ ለ60 ደቂቃ ቢያቆየው ባክቴሪያው ይቀንሳል አንቲቦዲው ይተርፋል፣ ቴርሞሜትር የሌለው አይሞክረው።

ከእናቱ ጋ ወይስ ለብቻ በባልዲ?

ከባክቴሪያ አንፃር ብቻ ካያችሁት ከእናት ጋ መሆን ያሸንፋል። ስትልሰው፣ ምራቋ ሲነካው፣ እሷ የበላችበት ገለባ ላይ አፉን ሲከት የትልቁ ጨጓራ (ከብት ካለው አራት ክፍል ጨጓራ የመጀመሪያው) ነዋሪዎች ወደሱ ይሻገራሉ፣ በተለይ ፕሮቶዞዋ የሚባሉት በንክኪ ካልሆነ በሌላ መንገድ አይመጡም፣ ለብቻው ርቆ ያደገ ጥጃ ሳይኖሩት ይከርማል። ሌላም አለ፣ የሀበሻ ላም ጥጃዋ ካልነካካት ወተቷን አታወርድም፣ ስለዚ ያ ክርክር ለብዙዎቻችሁ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ችግሩ ስንት እንደጠባ አለማወቃችሁ ነው፣ ለወተት ሻጭ ደግሞ እያንዳንዱ ሊትር ሂሳብ ነው። ሁለተኛ በሽታም በዛው መንገድ ይሻገራል፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይ የማያቋርጥ ተቅማጥ ያለባት ላም ካለች ጥጃውን ማራቅ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ ግቢያቸው ጠባብ ሆኖ ሁለት ሶስት ዲቃላ አንድ ጣሪያ ስር ያሰሩ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል፣ ለነሱ የምለው እንገሩን ካገኘ በኋላ ደረቅ ጥግ ላይ ለብቻው አድርጉት፣ በባልዲ አጠጡት፣ ግን ከጤነኛ ትልቅ ከብት ጋ አፍንጫ ለአፍንጫ መገናኘት የሚችልበት ክፍተት ተዉለት። ሁለቱንም ታገኛላችሁ።

ወተቱ የቱ ይሁን?

ሙሉ ወተት ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ። ሚልክ ሪፕሌሰር የሚባለው የዱቄት ምትክ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮቲኑ ከወተት ወይም ከአጓት የመጣ መሆኑን አንብቡ፣ ከሶስት ሳምንት በታች ያለ ጥጃ የአኩሪ አተር ፕሮቲን በደንብ አይፈጭም። አበጣበጡ ብዙ ጊዜ ለ1 ሊትር 125 ግራም ገደማ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ፣ በየቀኑ እኩል ይሁን፣ ሙቀቱ እንደ ሰውነቱ 38 ወይ 39 ይሁን። ዱቄቱን አሳስተው ሲያቀጥኑት ነው ጥጃው ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው የሚሾለው።

በስኳር ማጣፈጥ ወይ አጥሚት መቀላቀል ደግሞ በደግነት የሚደረግ ጥፋት ነው። ጥጃ የገበታ ስኳርን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም፣ ስታርችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይፈጭም፣ ሳይፈጭ ወደታች ይወርድና የማይፈለጉት ባክቴሪያዎች ድግስ ይሆናል፣ በማግስቱ ይቀዝናል።

አሁን አከራካሪው፣ መርፌ የተወጋች ላም ወተት። ለሰው አይሸጥም ስለዚ ለጥጃው ይሁን ይባላል፣ ኪሳራ ለመቀነስ። ይገባኛል፣ ግን ወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ጥቂት ጥቂት እያለ ጥጃው አንጀት ሲገባ የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው፣ መድኃኒት የለመዱት ይቀራሉ፣ ነገ ያው ጥጃ ሲታመም ያው መድኃኒት አይሰራም። ድፉት። ከባሰ ቢያንስ ለመራቢያ ለማትይዙት ወይፈን ይሁን እንጂ ለጊደር አይሁን፣ እሱም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ።

ከፍታውም ለውጥ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ መሀላቸው የሀያ ምናምን ኪሎሜትር መንገድ ነው ግን ለጥጃ ሁለት አገር ነው። ከሶስት ሳምንት በታች ያለ ጥጃ አየሩ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ለመሞቅ ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ያቃጥላል፣ ስለዚ ደሴ ላይ በተለይ በጥቅምትና በህዳር ውርጭ ወተቱን ጨመር አድርጉ ጉዝጓዙን በጭድ ወፈር አድርጉ። ኮምቦልቻ ላይ ብርዱ አያሳስብም፣ እዛ ጠላታችሁ ዝንብና ቶሎ የሚበላሽ ወተት ነው፣ የጠዋቱን ወተት ለማታ ማቆየት አያዋጣም።

ፓኬት፣ እርጎ፣ መርፌ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ከመርፌው ልጀምር፣ እሱን ከዝርዝሩ ማውጣት ስለምፈልግ። አንቲባዮቲክ እንስሳ ያሳድጋል የሚለው ወሬ ከሰማይ አልወረደም፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ክሎርቴትራሳይክሊን የተመረተበት ዝቃጭ የተሰጣቸው ጫጩቶች ፈጥነው አድገው ነበር፣ ከዛ በኋላ ለአስርት ዓመታት በመኖ ውስጥ ሲደባለቅ ኖረ። ባክቴሪያው እየለመደ ሲመጣ ግን ስዊድን በ1986 ለእድገት ብሎ መስጠትን አቆመች፣ የአውሮፓ ህብረት ደግሞ ከጥር 2006 ጀምሮ ጨርሶ ከለከለ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እኛ ጋ «እንዲጠነክር» ተብሎ ለጤነኛ ጥጃ ኦክሲ የሚወጋው ነገር ያ የቀረ ፋሽን ነው። ማመስኳት ለጀመረ ጥጃ በአፍ ከሰጣችሁት ይባስ፣ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ስንት ሳምንት የተሰበሰበውን ማህበር ትበትኑታላችሁ።

ሲቀዝንስ? ሲቀዝንም ብዙ ጊዜ መርፌው ዒላማ ይስታል። ከሁለት ሳምንት በታች ያሉ ጥጃዎችን ከሚያስቀዝኑት ውስጥ ሮታቫይረስ፣ ኮሮናቫይረስ (የከብት ነው፣ እንዳትደነግጡ) እና ክሪፕቶስፖሪዲየም አሉበት፣ እነዚህን ኦክሲ አይነካቸውም። ጥጃውን የሚገድለው ውሃና ጨው ማለቁ ነው፣ ስለዚ የመጀመሪያው ሩጫ ኦአርኤስ ነው፣ በወተት መሀል ባለው ሰዓት ከወተቱ ጋ ሳይደባለቅ። ቤት በስኳር የተበጠበጠው እንዳይሆን፣ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ፣ ግሉኮስ ያለበት ነው የሚያስፈልገው። ወተቱንም አታቁሙበት። ትኩሳት ካለው፣ ደም ከቀላቀለ፣ መቆም ካቃተው ወይ ጆሮው ከቀዘቀዘ ግን ባለሙያ ይምጣ፣ ያኔ ግሉኮስ በደም ስር ሊያስፈልግ ይችላል አንቲባዮቲክም ቦታው ያ ነው።

እርጎ። ይሄን ብዙ ሰው ያቃልላል እኔ ግን እወደዋለሁ። የረጋ ወተት ጎምዛዛነቱ መጥፎዎቹን ባክቴሪያዎች ያስቸግራል፣ ላክቶባሲለስ አለው፣ ለጥጃ ጎምዘዝ ያለ ወተት መስጠት በሌላም አገር የታወቀ አሰራር ነው። ግን የቤት እርጎ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም፣ ዛሬ የረጋውና ነገ የሚረጋው አንድ አይደሉም፣ ከጥሬ ወተት ከሆነ ደግሞ ብሩሴላና ሳንባ ነቀርሳ መርጋቱ አያጠፋቸውም። መንገዱ ይሄ ነው፣ ወተቱን አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ከጥሩ እርጎ ጥቂት ጨምራችሁ አርጉት፣ ከዛ ከወተቱ ጋ እያለማመዳችሁ ስጡት። አንዴ እርጎ አንዴ ወተት እያላችሁ አታወዛግቡት፣ ለውጥ ራሱ ያስቀዝናል።

ፓኬቱ። እውነቱን ለመናገር ይሰራል አይሰራም የሚለው የሚወሰነው ጥጃው ያለበት ሁኔታ ላይ ነው። እንገሩን ያገኘ፣ ደረቅ የሚተኛ፣ ሙሉ ወተት የሚጠጣ ጥጃ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም አይታይም። ከገበያ ተገዝቶ የመጣ፣ መንገድ ያንገላታው፣ እንገር ያልጠገበ፣ ወይ አንቲባዮቲክ ጨርሶ የተነሳ ጥጃ ላይ ግን ተቅማጡን ሲቀንስ ይታያል። ስለዚ ፓኬቱን ለሁሉም ጥጃ ከመግዛት ለነዚህ ብትገዙ ይሻላል፣ በቀረው ብር ጡጦና ለበረቱ ወለል የሚሆን ኖራ ግዙ።

ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ሶስት ነገር ፈልጉ፣ የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ በግራም ስንት ህያው እንዳለ (ሲኤፍዩ ይላል)፣ እና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን። «ቪታሚን ሚኔራል ፕሮባዮቲክ» ብሎ ስም ያልጠራውን ተዉት። ከስሞቹ ውስጥ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚለው ስፖር (ጠንካራ መከላከያ ቅርፊት) ስለሚሰራ ሙቀት ይችላል፣ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ለሚቀመጥ ዕቃ እሱ ይመረጣል። ላክቶባሲለስ ሙቀት ይገድለዋል፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ትኩስ ወተት ውስጥ ከጨመራችሁት ገንዘባችሁን ቀቀላችሁት። ሳካሮማይሲስ የሚለው እርሾ ነው፣ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም፣ መርፌ ላይ ላለ ጥጃ የሚሆነው እሱ ነው፣ ሌሎቹን ከመርፌው ጋ እኩል መስጠት ውሃ መውቀጥ ነው።

ድርቆሽ ወይስ ጥሬ ቀለብ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የተወለደ ጥጃ ትልቁ ጨጓራ ገና ትንሽ ነው፣ የሚጠባው ወተት እሱን ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይገባል። ትልቁን የሚያሳድገው ወተት ሳይሆን እዛ ውስጥ የሚፈላ ምግብ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ እህሉን ሲያፈሉት ቢዩታይሬት የሚባል አሲድ ይወጣል፣ ጨጓራ ስታጥቡ የምታዩትን ያንን ፀጉር መሳይ ነገር የሚያበቅለው እሱ ነው። ድርቆሽ ብቻ የበላ ጥጃ ጨጓራው ይሰፋል ግን ፀጉሩ አጭር ይሆናል፣ ሆዱ ትልቅ ሰውነቱ ከሲታ የሆነ ጥጃ ያያችሁት ለዛ ነው።

ስለዚ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በእፍኝ የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና ትንሽ ጨው ተቀላቅሎ አጠገቡ ይኑር፣ ያልበላውን በየቀኑ አንሱ፣ ፋጉሎው ወይ በቆሎው ከሻገተ ለማንም አትስጡ። ድርቆሽ ለስላሳው ትንሽ ትንሽ ይከተል። ንፁህ ውሃ ደግሞ ከወተቱ ለየብቻ ሁሌ ይኑር፣ ወተት ትልቁ ጨጓራ አይገባም ውሃ ግን ይገባል፣ ባክቴሪያዎቹ ውሃ ከሌለ አይሰሩም፣ ወተት ይጠጣል ውሃ ምን ያደርግለታል የሚባለው ስህተት ነው። ዲቃላ ጥጃ በቀን 1 ኪሎ ገደማ ቀለብ ለተከታታይ ቀናት ሲበላ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወር ላይ፣ ወተቱን እየቀነሳችሁ ማስጣል ትችላላችሁ፣ በእድሜ ብቻ አታስጥሉ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ የቢራ ፋብሪካውን ተረፈ ምርት ቅርብ ስለሆነ ለጥጃም ልስጥ ትላላችሁ። ለላሟ ግሩም ነው፣ ለትንሽ ጥጃ ግን ውሃው ይበዛል በሙቀት ቶሎ ይሻግታል፣ ይቆይ። በዩሪያ የታከመ ጭድ ደግሞ ከስድስት ወር በታች ፈፅሞ። ቅጠል ከፈለጋችሁ ደሴ ላይ ትሪ ሉሰርን፣ ኮምቦልቻ ላይ ሰስባንያ ይበቅላል፣ ጠውለግ አድርጋችሁ በጥቂቱ።

ማደጉን በዓይን አትመኑ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱ ላይ አዙራችሁ በየሳምንቱ ፃፉ፣ ምርጫችሁ መስራቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ግልገል ባጭሩ

የበግና የፍየል ግልገል ህጉ ያው ነው ሰዓቱ ግን ያጥራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ለ1 ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር እንገር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ለ1 ኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ። መንታ ከሆኑ ደካማው ነው የሚራበው፣ የላም እንገር ፍሪዘር ውስጥ ካለ ይሆነዋል። ፓኬት አልመክርም።

ጫጩት፦ ታቃፊ ዶሮ፣ ሄይ ቦክስ ወይስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ?

ከማስፈልፈያ ማሽን የወጣ ጫጩት እናቱን አያይም፣ ስለዚ አንጀቱን የሚሞላው የመጀመሪያ ነገር ካርቶኑና ጉዝጓዙ ላይ ያለው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ኑርሚና ራንታላ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ያሳተሙት ስራ ይሄን በደንብ አሳየ፣ የትልቅ ዶሮ አንጀት ባክቴሪያ ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ሲሰጣቸው ሳልሞኔላ አልያዝ አላቸው። ለጫጩት የሚሸጡት ፓኬቶች ሀሳባቸው ከዛ የመጣ ነው። ይሄን ሰምታችሁ ግን የትልቅ ዶሮ ኩስ በውሃ በጥብጣችሁ እንዳትሰጡ፣ ኮክሲዲያም (የአንጀት ጥገኛ ተባይ ነው) ሌላም አብሮ ይመጣል።

አስርና አስራ ምናምን ጫጩት ለሚያሳድግ ታቃፊ ዶሮ ሙቀቱንም ባክቴሪያውንም በነፃ ትሰጣለች፣ ጭልፊትና ድመት ብቻ ጠብቁ። ሃምሳ መቶ ላለው ሄይ ቦክስ (ዙሪያው ድርቆሽ ተጠቅጥቆበት የጫጩቶቹን ሙቀት የሚይዝ ሳጥን) መብራት ስለማይፈልግ ለኛ አካባቢ ተስማሚ ነው፣ ደሴ ላይ ግን ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልታችሁ ጀሪካኑን አስገቡበት። ከዛ በላይ ከሆነ የኤሌክትሪክ ብሩደር (የጫጩት ማሞቂያ)፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ከሰል አዘጋጅታችሁ፣ ጭሱ የሚወጣበት ክፍት እያለ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ። ተጠጋግተው ከተቆለሉ በርዷቸዋል፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። የበረደው ጫጩት ቂጡ ላይ ኩስ ይለጠፍበታል፣ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል።

ከእንቁላሉ የተረፈው አስኳል ለሶስት ቀን ያህል ያቆያቸዋል፣ ከሩቅ የሚጓዙትም በዛ ነው፣ ግን ሲደርሱ ወዲያው ውሃና ቀለብ ይቅረብ፣ ቀድሞ የበላ ጫጩት አንጀቱ ቀድሞ ያድጋል። ፓኬት የምመርጥበት አንዱ ቦታ እዚህ ነው፣ የማሽን ጫጩት የመጀመሪያዎቹ ቀናት። በውሃ የምትሰጡት ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ህያዎቹን ይገድላቸዋልና ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ ወይ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። እርጎ ለጫጩት ያን ያህል አይሆንም፣ ዶሮ የወተት ስኳር በደንብ አይፈጭም፣ የረጠበው ቀለብም ይሻግታል። ኩሱ ላይ ደም ካያችሁ ኮክሲዲያ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ባክቴሪያ አይደለም፣ ፕሮባዮቲክም ኦክሲም አይፈውሰውም፣ አምፕሮሊየም የሚሰጠው ለሱ ነው።

አንድ በረት ወይ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሶስት ተከታታይ ጥጃ ወይ ብዙ ጫጩት ከሞተባችሁ ደግሞ አራተኛውን ፓኬት ከመሞከር ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፣ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት አለ፣ መድኃኒት ሳይጀመር ከታመመው ትኩስ ተቅማጥ በንፁህ ዕቃ፣ ጫጩት ከሆነ አሁን የሞተውን፣ በበረዶ አቀዝቅዛችሁ በዛው ቀን አድርሱት።